የቆጣሪዋ እጅ

የምሠራው ሰበታ ከተማ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ የባፕቲስት አጥቢያችን ጸሐፊ ሲያስፈልጋት ሌላ እጩ አልተፈለገም። እኔም አልተግደረደርኩም። ሰው ፊት ቆሜ መጸለይ ያስጨንቀኛል፤ የተዝረከረከ ፋይል ሳይ ያመኛል፤ ቃለ ጉባኤ መያዝ ግን እችልበታለሁ። አዲሱ አዳራሽ አልቆ ለምርቃቱ ቀን የአጥቢያዋ ታሪክ ተጽፎ ይነበብ ሲባልም የሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ።

ታሪካችን ረጅም አይደለም። ጥቂት የፋብሪካ ሠራተኞች አንዲት መበለት ሳሎን ውስጥ መሰብሰብ ጀመሩ፤ ሳሎኑ ሲጠብ ግቢው ላይ ቆርቆሮ ተዘረጋ፤ ቆርቆሮውም ሲጠብ መሬት ተገኘ። በዚህ ሁሉ መካከል ያስቸገረን ውሃ ነበር። በእኛ ዘንድ ሰው አምኖ ምስክርነቱን ይሰጣል፣ ጉባኤው እጅ አውጥቶ ይቀበለዋል፣ ከዚያ መላ አካሉ ውሃ ውስጥ ጠልቆ ይጠመቃል። ያልተጠመቀ ከጌታ እራት አይካፈልም፤ ድምፅም አይሰጥም። እናቴ ይህን ስነግራት፣ «በሰማንያ ቀንሽ ክርስትና ተነሥተሽ የለ እንዴ? የትኛው ጎንሽ ሳይረጥብ ቀርቶ ነው?» ብላኛለች።

መጀመሪያ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ወንዝ እናጠምቅ ነበር። ወንዙ እየቆሸሸ ሲመጣ ሚኒባስ ተኮናትረን ሱሉልታ ድረስ ሄድን። የሱሉልታ ውሃ አጥንት ይሰብራል። ልምምድ ላይ ያሉ ሯጮች እንኳ አንዴ ያዩንና በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ። በኋላ ቡራዩ ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ገንዳዋን ታውሰን ጀመር። አሁን አዲሱ አዳራሽ ከመድረኩ ሥር የራሱ ገንዳ አለው።

ሳሎናቸውን የሰጡን መበለት ዛሬም አሉ። ሁላችንም «አዴ» ነው የምንላቸው፤ በኦሮምኛ እናትን በአክብሮት መጥሪያ ነው። የአባላት መዝገባችን የመጀመሪያ ገጽ፣ የመጀመሪያ መስመር የእሳቸው ነው። በጥምቀት ቀን ውሃ ዳር እሳት አንድደው ፎጣ ይዘው የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። በጌታ እራት ቀን ጽዋዎቹን ይሞሉና ሕፃናቱን ሰብስበው ወደ ጓዳ ይሄዳሉ። ድምፅ ሲሰጥ ደግሞ ቆጣሪያችን ናቸው። ማንበብ አይችሉም፤ እጅ በመቁጠር ግን የሚያህላቸው የለም። እጁን ጆሮው ሥር ብቻ የሚያቆም ሰው ካዩ ፊቱ ቆመው፣ «ግማሽ እጅ አልቆጥርም» ይላሉ። እኔም የነገሩኝን ጽፌ፣ ከሥሩ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» እላለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። በረንዳ ላይ ባቄላ ይፈለፍላሉ።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ?»

«ናጋ፣ ኢንተለ ኮ። ነይ፣ ልጄ፣ ተቀመጪ።»

ስለ ሳሎኑ፣ ስለ መጀመሪያዎቹ ሰዎች ጠየቅኳቸው። ያወሩልኝን እየጻፍኩ ወደ መጀመሪያው ጥምቀት ደረስኩ። የሚያነብ ሰው ብርዱ እንዲሰማው ፈልጌ፣ «ውሃው እንዴት ነበር?» አልኳቸው።

«እንጃ። አልገባሁበትም።»

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ባቄላውን አስቀምጠው ነገሩኝ።

ያን ቀን ሰዎቹን ያጠመቀው ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ሰባኪ ነበር። መጀመሪያ የገባችው ሴት ስትወጣ ከንፈሯ ጠቁሮ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ነበር። አዴ ሮጠው እሳት አነደዱ፤ እሷን ሲያሹ ሌላው ወጣ፤ እሱን ሲጠቀልሉ ሦስተኛው። ቀና ሲሉ ሰባኪው ልብሱን ቀይሯል። በብርዱና በጥድፊያው ማን ገባ፣ ማን ቀረ ብሎ ያስተዋለ አልነበረም። ምሳ ቤታቸው ነበር። በወንዙ ዳር ማንም ወረቀት አልያዘም ነበርና ሰባኪው የተጠማቂዎቹን ስም ማዕድ ላይ ሆኖ በቃሉ ጻፈ። ከላይ የጻፈው የቤቱን ባለቤት፣ የአዴን ስም ነው።

«ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው» አሉኝ። «ወጥ ይዤ ቆሜ፣ ሁሉም አጨበጨቡልኝ። ምን ልበል? ነገ እናገራለሁ ስል ሰዎች መጡ። አንቺም መጣሽ። ስንቱን ላሳፍር?»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው። እኔ የታየኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። ለካ ሳይጠመቁ ከእራቱ ሲካፈሉ፣ ድምፅ ሲሰጡ ኖረዋል? ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት ጽዋዎቹ ትዝ አሉኝ። ሞልተዋቸው ወደ ጓዳ ሲሄዱ እንጂ አንዷን አንሥተው ሲጠጡ አይቻቸው አላውቅም።

«ድምፅስ?» አልኩ።

«ቆጣሪ እጅ ያወጣል እንዴ?»

አለቀስኩ። እኒህ ሴት ሕጋችንን አንዲት ቀን ሳያፈርሱ፣ በገዛ ሳሎናቸው እንደ እንግዳ ኖረዋል። እኔ ደግሞ፣ መዝገብ አዋቂዋ፣ «በሙሉ ድምፅ» እያልኩ ስጽፍ የአንድ ሰው ድምፅ መጉደሉ አልታየኝም። በራሴ ተናደድኩ።

«ገንዳው ሲሠራ በየቀኑ ሄጄ አየሁት» አሉ። «ሐኪሙ ጉልበቴ ከዚህ በኋላ እየባሰበት ነው የሚሄደው ብሎኛል። ደረጃ መውረድ እየቻልኩ ልግባ። ከዚያ ደግሞ አንድ ቀን ከሰው ጋር ተቀምጬ ከጌታ እራት ልቁረስ።»

ለመጋቢያችን ነገርኩት። ወጣት ነው፤ ለአዴ ክፉ አይወድም። «ጉባኤ ፊት ምን ያቆማቸዋል?» አለኝ። «አንድ ቀን ጠዋት በር ዘግተን እናጥምቃቸው። ስማቸው እንደሆነ መዝገቡ ላይ አለ።» እውነቱን ልናገርና እኔም ተስማማሁ። የታሪኩን መጀመሪያ ከመዝገቡ ወስጄ አስቀድሜ በኮምፒውተር ጽፌው ነበር፤ መጀመሪያው ገጽ ላይ የመጀመሪያዋ ተጠማቂ እሳቸው ናቸው።

አዴ ሲሰሙ ተቆጡ። «ሌላው ሁሉ በእጅ ገብቶ እኔ በጓሮ ልግባ? እምቢ ካሉኝም እምቢ ይበሉኝ።»

በሚቀጥለው እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ ጉባኤ ተጠራ። አዴ ከፊት ቆመው በአምስት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። የፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ከመጀመሪያዎቹ ተጠማቂዎች አንዱ ናቸው። እንደ እኔው ሕግ ወዳድ ስለሆኑ እፈራቸዋለሁ።

«እኔ አዴን አልጠላም» አሉ። «ግን አባል ያልሆነ ሰው ቆጠራ ይጸናል ወይ? ይህ ሁሉ ሰው በእሳቸው ቆጠራ ነው የገባው። መጋቢው ራሱ የተመረጠው በእሳቸው ቆጠራ ነው።»

መጋቢያችን ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ከኋላ ማጉረምረም ተጀመረ። እኔ ፈራሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ከተነሣ አጥቢያ ለሁለት ሲከፍል አይቻለሁ። አዴ ግን ወደ ሽማግሌው ዞር ብለው፣ «ቆጠራው ልክ ነበር» አሉ። አንዲት ሴት ሳቀች፤ ሳቁ አዳራሹን ዞረ። ሽማግሌው ሳይስቁ ተቀመጡ።

በደንባችን እጩው ድምፅ ሲሰጥበት ውጭ ይጠብቃል። አዴ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ፤ ከግንባታው የተረፈ ብሎኬት ላይ ሲቀመጡ በመስኮት አየኋቸው። መጋቢው «የምትቀበሉ» ሲል አዳራሹ እጅ በእጅ ሆነ። እኔም በለመደች እጄ «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጽፌ፣ መዝገቡን እንዳቀፍኩ ልነግራቸው ሮጥኩ።

«ተቀብለውዎታል!»

«ስንት?»

«ሁሉም።»

«ሁሉም ስንት ነው? ቆጥረሻል?»

አልቆጠርኩም።

«ሂጂ ቁጠሪ» አሉኝ።

ተመልሼ ገብቼ ጉባኤውን እንደገና እጅ አስወጣሁ። ከፊት ረድፍ ጀምሬ በጣቴ እየጠቆምኩ ሄድኩ። ሽማግሌው ጋ ስደርስ እጃቸው ጆሮአቸው ሥር ቆሟል። «ግማሽ እጅ አልቆጥርም» አልኳቸው። አዩኝ። ከዚያ ክርናቸውን ዘረጉ።

እጁ ስልሳ ሁለት ሆነ። በር ላይ የመዘገብኩት ድምፅ ሰጪ፣ አዴን ሳይጨምር፣ ስልሳ ሦስት ነው። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ነው። ያልወጣ እጅ አላየሁም። ቅር እያለኝ ወደ ውጭ ተመለስኩ።

«ስልሳ ሁለት» አልኳቸው።

«ሰውስ?»

«ስልሳ ሦስት።»

አዴ መዝገቡን፣ እስክሪብቶዬን፣ ከዚያ ፊቴን አዩ። እኔም ያኔ ገባኝ።

«በይ አውጪው» አሉኝ። «ያንቺን እኔ እቆጥረዋለሁ።»

መዝገቡን ብሎኬቱ ላይ አስቀምጬ፣ ግቢው መሃል ቆሜ እጄን አወጣሁ። ክርኔን ዘረጋሁ። አዴ ከዘራቸውን ወደ እኔ ቀስረው፣ «ስልሳ ሦስት» አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እንዳነሣቸው እጃቸውን ዘረጉልኝ።