ውድ ደንበኛችን

እኔ ስልክ ቁጥሬን ለሱቅ አልሰጥም። ሻማ ልግዛ ዘይት፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል «ስልክ ቁጥር?» ስትለኝ «ምን ያደርግልሻል?» እላታለሁ። ከኋላዬ የተሰለፉት ያጉረመርማሉ። «ኧረ ስጫትና እንሂድ» ይላሉ። አንዳንዴማ ቁጥሬን በቃሉ የያዘ ጎረቤት ሊያግዘኝ ብሎ ከሰልፉ መሐል ጮክ ብሎ ይጀምርላታል፤ ዞር ብዬ ሳየው ይተወዋል። በከተማችን በዘመሮ ነገረኛ የሚል ስም የወጣልኝ በዚህ ነው። ይውጣልኝ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ከአንዲት ባልቴት መንገድ ዳር ያለች ክፍል ተከራይቼ፣ መኪናዬን በረንዳው ላይ አውጥቼ እሰፋለሁ። አብሮ አደጌ ከዓለም ከተማ የመጣችብኝ እዚያው በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ነው፤ ክረምቱ ሊወጣ ነበር። ሁለታችንም የግሼ ልጆች ነን። እስከ ስምንተኛ ክፍል በአንድ ወንበር ተቀምጠን ተምረናል። ከዚያ እሷ ተድራ ወደ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ወረደች፣ እኔ ስፌት ይዤ ቀረሁ። ያን ቀን የለበሰችውን ሹራብና አንዲት ፌስታል ብቻ ነበር የያዘችው። ማታ ሹራቧን ስታወልቅ ክንዷን አየሁት። ውሃ አሙቄ በጨው አጠብኩላት።

እኔን የመረጠችኝ ባሏ ስለማያውቀኝ ነው። ከዚያ በፊት አንዴ ወደ አባቷ፣ አንዴ ወደ አክስቷ ሸሽታ ሁለቱም ቦታ ደርሶባታል። ስለዚህ ከእግዜር የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የት እንዳለች እንዳያውቅ። የከተማ ሰው ይህን ስነግረው «ቢያውቅስ? ሕግ የለም እንዴ?» ይለኛል። ሕግማ አለ። እኛ አገር ግን ባል ብቻውን አይመጣም፣ ሽማግሌ አስከትሎ ነው የሚመጣው። ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ተሸክመው ደጅ ላይ ይቆማሉ፤ በታቦት ስም ይለምናሉ። የአባቷን እኩያ ድንጋይ አሸክማ እምቢ ያለች ሴት ከዚያ ወዲያ ማን እህል ውሃ ይላታል? ሁለቱንም ጊዜ የተመለሰችው እንዲህ ነው።

ለአከራዬ ለጸበል የመጣች ዘመዴ ናት አልኳቸው። እሳቸውም ደግ ሰው ናቸው፣ ወዲያው ልጄ አሏት። ስሟንና የአባቷን ስም የጠየቋት በመጀመሪያው ቀን እንጀራ አቅርበውላት ነው፤ እንጀራቸውን እየበላች እንዴት ትዋሻቸው? ጠዋት ጠዋት ጸበል ቦታ ይዘዋት ይሄዳሉ። እሷም ደስ እያላት ትሄድ ነበር። «ገብርኤል ሰውረኝ እያልኩ ነው የምጠመቀው» ብላኛለች። ቀስ በቀስ ፊቷ መለስ አለ። ቁልፍ መትከል አስተማርኳት። ከእኔ የተሻለች ሆና አረፈችው፤ ቀን ቀን በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እየሰፋን እንደ ድሯችን መሳቅ ጀመርን።

ያ ሱፐርማርኬት በቅርቡ ነበር የተከፈተው። ዓለም ከተማ አንድ ቅርንጫፍ አለው፣ ዘመሮ ደግሞ ሁለተኛውን ከፈተ። የተመዘገበ ደንበኛ በገዛ ቁጥር ነጥብ ይያዝለታል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም ዘይት በቅናሽ ያገኛል ተባለ። አገሬው ስሙን፣ ስልኩን፣ ቀበሌውን፣ የልጆቹን ዕድሜ ሳይቀር ሰጠ። ደግሞ በሹክሹክታ አይምሰላችሁ። ልጅቷ ትጠይቃለች፣ ገዢው ይመልሳል፣ እሱ የዘነጋውን ከኋላው ያለው ያስታውሰዋል። ሰፈሩ ሁሉ ስለ እያንዳንዱ ሰው ያውቅ የነበረውን አንድ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባው። ክፋት አልነበረውም። እኛ ዘንድ የማን ልጅ ነህ ተብሎ ዝም የሚል ሰው ወይ ወንጀል አለበት ወይ ታሟል።

አንድ ቀን አከራዬ ስኳር ሊገዙ ሲሄዱ አስከተሏት። እኔ የሠርግ ልብስ ይዤ ነበር፣ አልሄድኩም። የሆነውን ተመልሰው ሲመጡ እሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ስኳሩን እሷ ይዛ ከገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ቆመች። ስልክ ስትባል የለኝም አለች። ስም ስትባል አፏ ላይ የመጣላትን የሌላ ሰው ስም ጠራች። ይሄኔ አከራዬ ደነገጡ። ጸበል ቦታ ቄሱ «ማነህ?» ብለው መስቀሉን ሲያስነኩ የያዘው መንፈስ በሰውየው አፍ የራሱን ስም እንደሚናገር ያውቃሉ። ያቺ ምስኪን ስሟን ስትክድ እሳቸው የሰሙት መንፈሱን ነው። አማተቡና «በስመ አብ! ልጄ፣ ስምሽ እኮ እንዲህ ነው፣ የእገሌ ልጅ አይደለሽ?» ብለው ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአገሯ ለገንዘብ ተቀባይዋ ነገሩላት። የቆመው ሰውም አብሮ አማተበ።

ገንዘብ ተቀባይዋ ጻፍ ጻፍ አደረገችና ፈገግ አለች። «እንዴ፣ ዓለም ከተማ ተመዝግበሽ የለም እንዴ! ነጥብ አለሽ እኮ» አለቻት።

አብሮ አደጌ ያን ማታ እህል አልቀመሰችም። ዓለም ከተማ ባለው ሱቅ ጨው ስትገዛ መመዝገቧ እውነት ነው። «ሰው ሰምቶኝ ይሆን?» ብቻ ነበር ጭንቀቷ። ከሰልፉ ውስጥ የመርሐቤቴ ሰው እንደሌለ አከራዬን አጣርቼ ነገርኳት። ኮምፒውተሩን አንዳችንም አላሰብነውም። ቀናት አለፉ፣ ማንም አልመጣም፤ እኛም ረሳነው።

በወሩ በገብርኤል ዕለት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ባሏ ደጃችን ቆሞ አገኘሁት። ረጅም፣ ለስላሳ አፍ ያለው፣ ነጠላውን አጣፍቶ የለበሰ ሰው ነው፤ ክንዷን ባላየው ኖሮ እኔም እወደው ነበር። ሁለት ሽማግሌዎች ከአገሩ፣ አንድ ቄስ ከእኛው ከዘመሮ አስከትሏል። ከመርሐቤቴ የመጣች እንግዳ ሴት የት አረፈች ብሎ ቢጠይቅ መንገዱን ያሳየው ብዙ ነው። አከራዬ ነገሩ ሲገባቸው ከንፈራቸውን ነክሰው አስገቧቸው። ደጅ የቆመ ሽማግሌ አይመለስማ።

«እኔ አላገኘኋትም» አለ ባሏ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ገብርኤል ነው ያገኘልኝ። ተስዬ ነበር። በሕልሜ ዘመሮ አለኝ፣ ስሙን ጠርቶ። እኔ ዘመሮን የት አውቄ?»

ቄሱ «ዕፁብ ነው» አሉ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ወደ እሷ ዞርኩ። ስድቡን፣ ልመናውን፣ ድንጋዩን ትችላለች ብዬ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሳምንት ስናወራው የከረምነው እሱን ነው። ይህን ግን አላሰብንም። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ማንም አላየኝም፣ ማንም አልነገረውም» አለችኝ በጆሮዬ። «እኔም እኮ እሱኑ ነበር የለመንኩት። የሱን ሰማ፣ የኔን አልሰማም።»

ደሜ ፈላ። ሐሰት መሆኑን አውቃለሁ፣ እንዴት እንደሆነ ግን አላውቅም። አከራዬ ለእንግዶቹ ሻይ ሊያፈሉ ስኳር ሲያወጡ ዓይኔ ፌስታሉ ላይ አረፈ። የሱቁ ፌስታል ነው። ላዩ ላይ በቀይ ቀለም ሁለት ስም ተጽፏል፤ ዓለም ከተማ፣ ከሥሩ ዘመሮ። ነጠላዬን ሳላነሳ ወጥቼ ሮጥኩ።

«ያቺ ከአከራዬ ጋር መጥታ ስኳር የገዛችው ልጅ» አልኳት ገንዘብ ተቀባይዋን፣ ትንፋሽ እያጠረኝ። «ስትገዛ ምን ሆነ?»

«ነጥብ ተያዘላታ። ሜሴጅም ይሄድላታል።»

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«በተመዘገበው ስልክ ነዋ።»

የተመዘገበውን ስልክ አውቀዋለሁ። ቤታቸው አንድ ስልክ ብቻ ነበር፣ እሱም ባሏ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እንኳ ከኪሱ አይወጣም። ስልክ ስትባል ከዚያ ሌላ ምን ትሰጣለች?

«ምን ይላል ሜሴጁ?»

«ውድ ደንበኛችን፣ በዘመሮ ቅርንጫፋችን ስለገዙ እናመሰግናለን» አለችኝ ልጅቷ፣ በቃሏ። ደስ ብሏት ነበር የምትናገረው።

አንድ ሳሙና አነሳሁና በዚያች ልጅ ስም መዝግቢው አልኳት። መዘገበችው። ሳሙናውን ይዤ እየሮጥኩ ተመለስኩ፤ ሽማግሌዎቹ ፊት አስቀመጥኩትና አስረዳኋቸው። «ገብርኤል አይደለም የነገረው። ሱቁ ነው። አሁን በእሷ ስም ገዝቻለሁ፣ አሁኑኑ ስልኩ ላይ ይመጣል፤ በጆሯችሁ ትሰማላችሁ» አልኩ።

ባሏ አልተቆጣም። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሳሙናው አጠገብ በቀስታ አኖረው። ሁላችንም አየነው። ሻዩ ቀዘቀዘ። ስልኩ ድምፅ የለውም። የራሴን ሳወጣ ኔትወርክ የለም፤ የአከራዬም የለም። ዘመሮ ላይ ኔትወርክ መጥፋት ብርቅ አይደለም፣ ግን ያን ሰዓት! «የቆየውን ሜሴጅ ልይ» ብዬ እጄን ብዘረጋ አንደኛው ሽማግሌ ከዘራቸውን በመሐል አጋደሙ።

«ልጄ፣ የሰው ኪስ አይፈተሽም» አሉኝ። «ደግሞ የመልአክን ሥራ በሳሙና ትፈትኛለሽ?»

ከዚያ የተናገርኩትን አልጽፈውም። ቄሱ መስቀላቸውን አንሥተው ገዝቼሻለሁ ሊሉኝ ምንም አልቀራቸውም። አብሮ አደጌን ትከሻዋን ይዤ ነቀነቅኳት፤ «እኔን እመኚኝ፣ እኔን!» አልኳት። ዓይኖቿን ከሳሙናው ወደ ስልኩ፣ ከስልኩ ወደ ሳሙናው አመላለሰች። አንድ ድምፅ ነበር የምትጠብቀው። ያ ድምፅ ቢሰማ ኖሮ ድንጋዩንም፣ ሽማግሌውንም ትችለው ነበር፤ ይህን ዛሬም እምልበታለሁ። አልተሰማም። ተነሥታ ሹራቧን ለበሰች። የጀመረችውን ቀሚስ መርፌዋን ሰክታበት በረንዳው ላይ ትታው ሄደች።

በማግሥቱ ሱቁ ሄጄ ስሟን አጥፉልኝ አልኩ። ነገ አምልጣ ብትመጣ ደግሞ እንዳያጋልጧት ብዬ ነው። ኃላፊ ነኝ የሚል ከረባት ያሰረ ሰው ወጣ። የደንበኛን ምስጢር እንጠብቃለን፣ ለሦስተኛ ወገን አናጠፋም አለኝ። ለማጥፋት ራሷ መጠየቅ አለባት፣ ሲጠየቅ ለማረጋገጫ ኮድ ይላካል። የት እንደሚላክ ጠየቅኩት። በተመዘገበው ስልክ አለኝ። ሳቅኩ፤ እሱም የተግባባን መስሎት አብሮኝ ሳቀ። የትናንቱ ሜሴጅ ለምን እንዳልሄደ ስጠይቀው ደግሞ «አይጠፋም፣ ኮምፒውተሩ ያስቀምጥና ኔትወርክ ሲመጣ ይልከዋል» ብሎ አጽናናኝ።

ከዚያ ወዲያ አላየኋትም ነበር። ያየኋት አባቷ ሞተው ግሼ ለልቅሶ ስሄድ ነው። ከስታለች። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣

«ያን ቀን በስሜ ሳሙና ገዝተሽ ነበር?» አለችኝ።

«ገዝቼ ነበር። ነገርኩሽ እኮ።»

«አውቶቡሱ ዳገቱን እንደጨረሰ ሜሴጁ ገባ። ኪሱ ውስጥ ጮኸ። ሲያወጣው አጠገቡ ነበርኩ፣ አነበብኩት። ከላዩ ደግሞ የስኳሩ አለ፤ ያው ቃል፣ ያው ምስጋና። አየኝና መልሶ ኪሱ ከተተው።»

ልቅሶውንም ረሳሁት። «ታዲያ እያወቅሽ ለምን ወራጅ አለ አላልሽም? ለምን አልወረድሽም?» አልኳት።

ያኔ ዞራ አየችኝ። ልክ ስምንተኛ ክፍል ሳለን ሒሳብ ሳይገባኝ ሲቀር እንደምታየኝ ነው ያየችኝ።

«ወርጄ የት ልሂድ?» አለችኝ። «አንቺን እኮ አወቀሽ።»

ባሏ ከድንኳኑ በር ላይ ጠራት። ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣችና ሄደች።