የሮብሌ ቮልስዋገን

አምሀ ጅጅጋ የመጣው በ1985 ዓ.ም. ለሦስት ወር ሥራ ነበር። አንድ የግል ክሊኒክ የጥርስ ቴክኒሻን ፈልጎ ከናዝሬት አስመጣው። ክሊኒኩ ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ፤ አምሀ ግን እዚያው ቀረ። ለምን እንደቀረ የጠየቀው ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ በመምህርነት ተቀጥሬ ከተከራየሁበት ግቢ ውስጥ፣ ወደ መንገድ የምትወጣዋን ክፍል ተከራየ፤ በሩ ላይ አንድ ትልቅ ነጭ ጥርስ ሥሎ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ጀመረ። የከተማው ሰውም ወዲያው "አምሀ ኢልኮ" አለው፤ ኢልኮ በሶማሊኛ ጥርስ ማለት ነው።

ዝምተኛ ሰው ነበር። ምሳውን ሁልጊዜ አንድ ምግብ ቤት፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ሩዝ በፍየል ሥጋ ይበላል። በበዓል ቀን የግቢው ተከራዮች ስንጠራራ "መጣሁ፣ መጣሁ" ይላል፤ አይመጣም። ማታ ማታ በሩ ሥር ባለው ክፍተት የመብራቱ ብርሃን ይታየን ነበር፤ ድምፅ ግን የለም። ራዲዮ እንኳን አልነበረውም።

በ1988 ዴቃ የሚባሉ የቀብሪበያ ሴት መጥተው የታችኛውን መንጋጋ ጥርስ አሠሩ። ሃምሳውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ ሴት ነበሩ። ጥርሱ ድዳቸውን ሲያቆስላቸው ግን ጅጅጋ ድረስ መመላለሱ ከበዳቸው፤ ስለዚህ አምሀ ሞረዱን በቦርሳው ይዞ በሚኒባስ ሄደ። የወንድማቸው ልጅ ሙና ከቤታቸው አጠገብ ሱቅ ነበራት፤ አማርኛ አቀላጥፋ ስለምትናገር ታስተረጉም ነበር። ለእኔም ብዙውን የነገረችኝ እሷ ናት፤ አምሀ ስለ ራሱ አያወራም።

ጥርሱን አስተካክሎ እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሲወጣ፣ በእሾህ አጥር በተከበበው የፍየሎች በረት ውስጥ አንድ ክብ ነገር አየ። ሁለት ፍየሎች ላዩ ላይ ቆመዋል። ቀረብ ብሎ አቧራውን በመዳፉ ሲጠርግ ሰማያዊ ቀለም ብቅ አለ። ቮልስዋገን ነበር፤ በእነዚያ ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ በየመንገዱ የሚታየው፣ ጀርመኖች የሠሩት፣ ሞተሩ ከኋላ የሆነው ትንሹ መኪና። ጎማዎቹ አፈር ውስጥ ሰጥመዋል፤ በሞተሩ ክፍል ውስጥ ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋለች።

"ይሄ የማን ነው?" አላት ሙናን።

"የኤዶ ባል መኪና ነበር" አለችው። አክስቷን፣ በሶማሊኛ የአባት እኅት እንደሚባለው፣ ኤዶ ነበር የምትላቸው። "ሮብሌ ይባላል። በስድሳ ዘጠኝ፣ ጦርነቱ ሲመጣ ቤንዚን አለቀበት። 'ቤንዚን ይዤ እመለሳለሁ' ብሎ ጀሪካን አንጠልጥሎ በጭነት መኪና ሄደ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ይኸው።"

አምሀ ናዝሬት ልጅ ሳለ አጎቱ እንዲህ ያለ መኪና ነበረው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያጥበው እሱ ነበር። ያን ቀን ዴቃ ፊት ቆሞ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር አጥብቆ ለመነ። እንዲሸጡለት ጠየቃቸው። ዴቃ አማርኛ ይሰማሉ፤ ለቁም ነገር ሲሆን ግን በሶማሊኛ መናገር ይመርጡ ነበር። ሙና ተረጎመችለት።

"'ሻጩ ሮብሌ ነው፤ እሱ ደግሞ የለም። ስለዚህ አልሸጥልህም፤ እንዲሁ ውሰደው' ትላለች። 'ሲነሳ ግን አምጥተህ ድምፁን አሰማኝ' ትላለች።"

መኪናው በአይሱዙ ተጭኖ ጅጅጋ ገባና ፉአድ የሚባል መካኒክ ጋራዥ ጥግ ላይ ተራገፈ። ፉአድ ቶዮታ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታ፣ ሳቂታ የሐረር ሰው ነው። ዙሪያውን ዞረውና "ውሃ የሚጨመረው በየት ነው?" አለ።

"ውሃ የለውም። በነፋስ ነው የሚቀዘቅዘው።"

"ታዲያ ለኛ አገር የተሠራ ነዋ! ምን ሆኖ ነው የማይሄደው?"

የማይሄድበት ምክንያት ብዙ ነበር። ሞተሩ ተጣብቋል፤ ፍሬኑ ዝጓል፤ የመብራቱን ገመድ አይጥ በልቶታል። ከሐርጌሳ በኩል የሚመጣው ዕቃ ሁሉ የጃፓን ነው፤ የቮልስ ዕቃ ድሬዳዋ ለሚሄድ ሹፌር ተነግሮ፣ ወራት ተጠብቆ፣ ብዙ ጊዜም የማይሆነው መጥቶ ነው። አምሀ ከሥራ በኋላ በየቀኑ ጋራዡ ይሄዳል። እያንዳንዱን ብሎን ጥርስ እንደሚያጸዳ በትንሽ ብሩሽ ያጸዳል። ያጣውን ዕቃ ደግሞ ለሰው ሠራሽ ድድ በሚጠቀምበት ፕላስቲክ ራሱ ይሠራው ጀመር፤ የመስኮቱ ማንሻ፣ የማርሹ ራስ፣ የበሩ መያዣ ሁሉ ሮዝ፣ የድድ ቀለም ሆኑ።

"ይሄ መኪና አንድ ቀን ይነክስሃል" ይለው ነበር ፉአድ።

እንዳገሩም አስተካከለው። የጅጅጋ አቧራ ሞተር እንደሚበላ ሲያውቅ፣ የአየር ማጣሪያውን ከሞተሩ ክፍል አውጥቶ አቧራ ወደማይደርስበት ወደ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ አስገባው። አሸዋ ላይ ሆዱ እንዳይነካ ከፍ አደረገው፤ ሰፋ ያለ ጎማ አገባለት። ቀጥሎ ከሾፌሩ ጎን ያለውን ወንበር ነቅሎ በቦታው የመፍቻ ሣጥንና ጀሪካን የሚያስር ብረት አስበየደ።

"ሰው ስትጭንስ?" አለው ፉአድ።

"ማንን?" አለ አምሀ። ለቀልድ አልነበረም፤ እውነቱን ነበር የጠየቀው። 

ሞተሩ የተነሣው በ1992 አንድ ዓርብ ቀን ነው። ፉአድና ሠራተኞቹ ለጁምዓ ሶላት መስጊድ ሄደዋል። አምሀ ብቻውን ቁልፉን አዞረ፤ አንዴ ሳለ፣ ሁለቴ ሳለ፣ ከዚያ ተቀበለ። ወርዶ ከኋላ ቆሞ ሲያዳምጠው ሳቁ አመለጠው። ለአንድ ሰው ሊናገር ዘወር አለ፤ ጋራዡ ውስጥ ማንም የለም። ፉአድ ሲመለስ ሞተሩ ጠፍቶ፣ አምሀ መሪውን ይዞ ተቀምጦ አገኘው። "ተነሣ" አለው አምሀ።

በሳምንቱ ቀብሪበያ ነዳው። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ከበበው። ዴቃ ከጥላው ሥር ሳይነሡ አዳመጡ፤ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ብዙ አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አይደለም" አሉ በአማርኛ።

"ምኑ ኤዶ?" እሱም እንደ ሙና ኤዶ ማለት ለምዷል።

ወደ ሶማሊኛ ተመለሱ። የሮብሌ መኪና ያፏጭ ነበር አሉ። ከሩቅ፣ ገና ከተማው ጫፍ ሲደርስ ፉጨቱ ይሰማል፤ እሳቸውም ያኔ ተነሥተው ምግብ ያሞቃሉ። ይሄኛው ግን እንደማንኛውም መኪና ያጓራል።

ልክ ነበሩ። የጭስ ማውጫዎቹ በስብሰው ስለነበር ፉአድ ከአይሱዙ ቧንቧ ቆርጦ ነበር የበየደለት። የቮልስ ጭስ ማውጫ ደግሞ ከኋላ የሚወጡ ሁለት ቀጫጭን ቧንቧዎች ናቸው፤ ፉጨቱም የሚመጣው ከእነሱ ነው። አምሀ ሊያስመጣቸው ሞከረ። ከድሬዳዋ የመጡት ውስጣቸው ባዶ ነበር፤ አላፏጩም። ፉአድ ብረት በስቶ ከተተበት፤ አስነጠሰ እንጂ አላፏጨም። ሁለት ዓመት በዚህ አለፈ። እኛም ግቢ ውስጥ ሆነን "አሁን ለአንድ ፉጨት ይህን ያህል?" እንል ነበር።

በ1994 አምሀ ሱቁን ቆልፎ አዲስ አበባ ሄደ። ከመጣ ወዲህ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ያረፈው ታላቅ እኅቱ ቀለምወርቅ ቤት ነው። አልጋዋን ለቀቀችለት፤ ዶሮ ሠራችለት፤ የማያውቃቸውን የልጆቿን ልጆች አስተዋወቀችው። እሱ ግን ሶፋው ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ሰነበተ።

"እንግዲህ ተመለስ" አለችው። "ጥርስ እዚህም ይሠራል። እዚያ ማን አለህ?"

"መኪና አለኝ።"

ቀለምወርቅ ሳቀች፤ ፊቱን አይታ ሳቋን ዋጠችው። "ወንድሜ፣ መኪና እኮ ሰው አይደለም" አለችው ቀስ ብላ። 

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ፣ አሮጌ የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት ሠፈር እየዞረ ያገኘውን የቮልስ ቧንቧ ሁሉ እያነሣ እንደ ዋሽንት ነፋ። ነጋዴዎቹ ሥራቸውን ትተው ይስቁበት ነበር። ብዙዎቹ ባዶ ነበሩ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ከመደርደሪያ ሥር፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጥንድ አወጡ፤ ሲነፋው ትንፋሹ ውስጡ ተሰብሮ ቀጭን ድምፅ ወጣ። አምሀ ጅጅጋ እስኪደርስ ቧንቧዎቹን ከጭኑ አላወረደም፤ በየኬላው ፈታሾች ምንነታቸውን ሲጠይቁት "የሰው አደራ ናቸው" ይል ነበር።

ከገጠማቸው በኋላ ቀብሪበያ ሲሄድ አስቀድሞ ለማንም አልተናገረም። ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን ሙና ከሱቋ በር ሆና አይታለች።

ዴቃ ደጃፋቸው ላይ ሩዝ ይለቅሙ ነበር። ፉጨቱ ከከተማው ጫፍ ሲሰማ እጃቸው ቆመ። ከዚያ ሩዙን አስቀምጠው ተነሡ። ልብሳቸውን አስተካከሉ፤ ሻርባቸውን ፈትተው እንደገና ተከናነቡት። ቤት ገቡ፤ የከሰሉን ምድጃ አራገቡ፤ ድስት ጣዱ። እንደገና ወጡና ወደ መንገዱ መሄድ ጀመሩ፤ "ስትሄድ ሌላ ሴት ነበር የምትመስለው፣ ወጣት" ትላለች ሙና። ሰማያዊው መኪና ጥጉን ታጥፎ መጥቶ ፊታቸው ቆመ። በሩ ተከፈተ።

አምሀ ወረደ።

ዴቃ እንደቆሙ አዩት። ሙና ሮጣ ስትደርስ ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ወርዶ አልቋል። አምሀም ያን ጊዜ ገባው፤ ሞተሩን ማጥፋት እንኳን ጠፍቶት በሩን ይዞ ቆመ።

"እሱ ነው" አሉ ዴቃ በአማርኛ። "ድምፁ እሱ ነው። አሁን አጥፋው።"

አጠፋው።  ዴቃ ምሳ እንዲበላ አስገቡት፤ የተጣደው ምግብ ቀረበለትና በላ። ሲወጣ በሩ ድረስ ሸኙት።

"አንተ ና" አሉት። "ሁልጊዜ ና። በሚኒባስ ግን ና።"

አምሀ ጅጅጋ ተመልሶ መኪናውን ግቢያችን ውስጥ አቁሞ ሸራ አለበሰው። ለወራት አልነካውም። ፉአድ ነው በኋላ መጥቶ "ባትሪው ይሞታል፤ የቆመ መኪና ይታመማል፤ አንቀሳቅሰው" ብሎ የጎተጎተው። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ወደ ካራማራ ይወጣ ጀመር። ተራራው ላይ ያቆመዋል፤ ዘይቱን ያያል፤ የሚያጠብቀውን ያጠብቃል፤ ይመለሳል። ሲመጣ ፉጨቱ ግቢው ድረስ ይሰማል። እኛ ሰምተን "አምሀ መጣ" እንላለን እንጂ ለዚያ ብሎ ከመቀመጫው የሚነሣ ሰው አልነበረም።

ቀብሪበያ በሚኒባስ መሄዱን ግን አላቋረጠም። ለጥርሱ ነው ይላል፤ ጥርሱ ከተስተካከለ ቆይቷል። ከዴቃ ጋር ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ ሻይ ይጠጣሉ፤ ብዙ አያወሩም። አንድ ቀን ዴቃ እንዲህ ሲሉ ጠየቁት፤

"ሚስት የለህም?"

"የለኝም ኤዶ።"

"የምትጠብቃት አለች?"

"የለችም። ማንም አልሄደብኝም።"

ዴቃ "ያንተ ይብሳል" አሉት።

ሙና ይህን ስትነግረኝ፣ አምሀ ተቀይሞ ይሄዳል ብላ ፈርታ እንደነበር ነገረችኝ። እሱ ግን እስኪመሽ ድረስ እዚያው ተቀመጠ።

ዴቃ በ2004 ዐረፉ። ሙና ስልክ ስትደውልለት ወዲያው ተነሥቶ ሄደ፤ እንደተባለው በሚኒባስ። ለቅሶው ላይ ከወንዶቹ ጋር ሸራ ሥር ተቀመጠ። ከሩቅ የመጡ ዘመዶች ይሄ ሐበሻ ማነው፣ ምኗ ነው እያሉ ተጠያየቁ። አንዱ እሱኑ ጠየቀው። አምሀ ሶማሊኛው ለዚያ የሚሆን ቃል አልነበረውም፤ ሲፈልግ ቆይቶ በአማርኛም እንደሌለው ገባው። ሙና ነች ከሴቶቹ በኩል "የኛ ሰው ነው" ብላ የመለሰችለት። ቦታ ሰፋ አደረጉለት።

እኔ በ2008 ወደ ድሬዳዋ ተዛወርኩ። በዚያው ሰሞን አንድ አሮጌ መኪና ሰብሳቢ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ቮልሱን ሽጥልኝ ብሎት ነበር፤ አምሀ በትሕትና ሻይ ጋብዞ መልሶታል። በምሄድበት ጠዋት ልሰናበተው ስፈልግ፣ ከመኪናው ሥር ገብቶ እግሩ ብቻ ነበር የሚታየው። ስጠራው ተንፏቆ ወጣ። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። እጁ ዘይት ነክቶት ስለነበር አንጓውን ዘረጋልኝና ጨበጥኩት።

"ሄድክ?" አለኝ።

"ሄድኩ። ድሬዳዋ ቅርብ ነው፤ በቮልሱ ብቅ በል እንጂ።"

"እስቲ" አለ። "የፊተኛው ፍሬን ትንሽ ይጎትታል።"

የሚጠብቀኝ ሚኒባስ ጥሩምባ ነፋ። እሱ መፍቻውን አንሥቶ ተመልሶ ገባ።