እመት አፍንጫ

ሠራተኛዋን በፋብሪካው በር ላይ ሳል ሲያጣድፋት የፈረቃ አለቃዋ ቦርሳዋን ይዞላት፣ ትንፋሿ እስኪመለስ አብሯት ቆመ። በዚያ ሲያልፍ የነበረው ጎረቤቷ፣ ማለትም ይህን ታሪክ የሚጽፈው ሰው፣ ሁኔታውን አይቶ «ደግ ሰው አይጠፋም» ሲል ፈጣሪውን አመሰገነ።

ፋብሪካው የዝንብ እጭ ፈጭቶ፣ ኢንዛይም ጨምሮበት በትልቅ ጋን ያሞቃል። ኢንዛይሙ ፕሮቲኑን ሲሰባብረው ሽታው ከበሰበሰ ዓሣ ወደ ሥጋ መረቅ ይለወጣል። ያኔ ማሞቁ ካልተቋረጠ ጣዕሙ መራራ ይሆናል። ከዚያ ደርቆ ሐኪም ለደከሙ ሕሙማን የሚያዝዘው የምግብ ዱቄት ይወጣዋል። ያቺን ቅጽበት የምትለየው እሷ ነበረች፤ ጭንብሏን አውልቃ ታሸትታለች። «እመት አፍንጫ» ይሏታል ባልደረቦቿ። እንዲህ ስትል ለዓመታት ከዱቄቱ የሚነሣውን ብናኝ ማገችው። አሁን ደረቷ ያፏጫል፣ ያ አፍንጫም ደንዝዟል። ሐኪሙ «ከዚህ ብናኝ ካልራቅሽ ይገድልሻል» ብሏታል።

አመሻሽ ላይ ጎረቤቷ ሊጠይቃት ገባ።

«አለቃሽ መልካም ሰው ነው» አላት።

«ቦርሳዬን ይዞ ምን እንዳለኝ ሰማህ? ‹ልጅሽ በአፍንጫ አንቺን ከወጣች፣ ሰኞ ትምጣልን› ነው ያለኝ።»

ልጅቷ ጓዳ ውስጥ እያንጎራጎረች አዲሱን የፋብሪካ ጋዋን ትተኩሳለች።

«ታዲያ አትከለክያትም?»

«ሞከርኩ። ‹እማ፣ ቦታዬን ቀማችኝ ብለሽ ነው?› ብላ ሳቀችብኝ። ሁለት ቃል ሳልናገር ደግሞ ሳሉ ይቀድመኛል። አንተን ግን ‹ጋሼ› ብላ ትሰማሃለች። እባክህ ወንድሜ፣ አሁኑኑ ጓዳ ግባና ሐኪሙ ያለኝን ንገርልኝ።»