ዕቃ ሲቀነስ

ቅዳሜ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ነው ትዝታው የጀመረኝ፣ ሊባኖስ፣ ባዕብዳ፣ በምሠራበት ቤት በረንዳ ላይ። አሠሪዬ ሚስተር ለነገ የሚይዘውን የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ዘርግቶ ይቀንሳል። ትንሿ ልጁ አጠገቡ ተንበርክካ መንጠቆ ትመርጣለች። «ያላ፣ ይሄ ኸላስ፣ ይቅር፣ ይከብድሻል» ይላታል። በዚህ ዕድሜዬ በልጅቷ ቀናሁ። ከቦርሳው የወጣው የዓሣ ሽታ ወደ ሐዋሳ መለሰኝ።

አባባም ዓሣ ሊያጠምድ በሚሄድበት ዋዜማ ክሩንና መንጠቆውን ምንጣፍ ላይ ደርድሮ ግማሹን መልሶ ያስቀምጥ ነበር። አንድ ቀን ታላቅ እህቴን ጸዳለን «ነገ አንቺ ትሸከሚልኛለሽ» አላት።

«እኔስ አባባ?» አልኩ።

ቀና ሳይል «ሲበዛ ጀልባ ላይ ጣጣ ነው» አለ። ስለ ዕቃው ይሁን ስለ እኔ አልገባኝም።

ጸዳለ በጆሮዬ «እንግዲህ ከተቀነሰው ዕቃ ጋር ቅሪ» ብላ ሳቀች። በነጋታው እስኪመለሱ ድረስ፣ ሁለቱ ሐይቁ ላይ ሲያወሩ እየታየኝ ደጃፍ ላይ ዋልኩ።

እሑድ ጠዋት ሚስተርና ልጁ እንደወጡ ለጸዳለ ደወልኩ። «ያኔ ሐይቁ ላይ ከአባባ ጋር ምን አወራችሁ?»

«ዓሣው ይሸሻል ብሎ አንድ ቃል አላናገረኝም እኮ» አለችኝ።

አላመንኳትም። ደግሜ ጠየቅኳት።