የናኦል እንጥል

ልጅ ሳለሁ፣ ቡራዩ ላይ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለን እኛ ልጆች ብቻ ነበርን። ያኔ ቤታችን ከገፈርሳ መንገድ ገባ ብሎ ባለ የባሕር ዛፍ አጥር ግቢ ውስጥ ነበር፤ መብራቱ ሲሄድ ቴሌቪዥኑም አብሮ ስለሚሄድ፣ አያቴ ኦቦ ቱሉ ወደ ከሰል ምድጃው ጠጋ ብለው ተረት ይጀምሩልናል። እኛ አባባ ነው የምንላቸው። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ በሚያወሩት ተረት ውስጥ ጅብ ሁልጊዜ ሞኝ፣ ጦጣ ሁልጊዜ ብልጥ ናት፤ እኛም መጨረሻውን እያወቅነው እስኪደርስ ድረስ እንጨነቅ ነበር።

የኋላውን ክፍል የተከራየችው ቲቸር ማስተዋልም ከምድጃው ዙሪያ አትጠፋም። ከደብረ ታቦር መጥታ እኛ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የምታስተምር ወጣት ነበረች። አባባ ሲጨርሱ ተራውን ለእሷ ይሰጧታል። የእሷ ተረት ግን ጅብ የለበትም። ሰውነት የሚባል አገር አለ፤ ቤቶቹ ሕዋስ ይባላሉ፤ ከማነሳቸው የተነሳ ዓይን አያያቸውም፤ ነጭ የለበሱ ዘበኞችም በደም ሥር ውስጥ ሌባ እየፈለጉ ይዞራሉ። አባባ ነገር ሳይፈልጉ አያሳልፏትም።

«ዘበኛው ሌባውንና የቤቱን ልጅ በምን ይለያል?» ይሏታል።

«አንቱስ በሬዎን ከሰው በሬ በምን ይለያሉ?»

«በምልክቱ ነዋ!»

«እሱም እንደዚያው ነው።»

ታናሽ ወንድሜ ናኦል ጉሮሮውን የታመመው በጥቅምት ብርድ ነው። ገላው እንደ እሳት ይፋጃል፣ ምራቁን በዋጠ ቁጥር ያለቅሳል። አባባ አፉን አስከፍተው አዩና «እንጥሉ ወርዷል» አሉ። በእኛ ሰፈር ይህ ከተባለ ቀጥሎ የሚሆነው ይታወቃል፤ አዴ ብርቂቱ ይጠራሉ። እኚህ ወይዘሮ የአባባ የአክስት ልጅ ናቸው፤ የልጆችን እንጥል በምላጭ መቁረጥ ከእናታቸው የወረሱት ሙያ ነው። አባቴና እናቴ በአባባ ቃል ላይ ቃል አይጨምሩም፤ ጠዋት እንዲመጡ ተላከባቸው።

ማታ መብራት ጠፋ። ቲቸር ማስተዋል ወሬውን ሰምታ ፊቷ ተለዋውጧል። ምላጭ ደም እንደሚያፈስ፣ መንጋጋ ቆልፍ የሚባለውን በሽታም እንደሚያመጣ አሳምራ ታውቃለች። ግን ተከራይ ናት፤ ደግሞም በዕድሜ ልጃቸው ናት። ሽማግሌ በገዛ ቤታቸው «ተሳስተዋል» አይባሉም። እኔ ደግሞ ናኦልን አቅፌ፣ ነገ የሚጮኸው ጩኸት ከአሁኑ እየተሰማኝ ፈርቼ ተቀምጫለሁ።

«ኦቦ ቱሉ፣ ዛሬ እኔ ልጀምር?» አለች። ፈቀዱላት።

ጉሮሮ የአገሩ በር ነው አለች። በሩ ላይ፣ በግራና በቀኝ፣ ቶንሲል የሚባሉ ሁለት ዘበኞች ቆመዋል። ሌባ ሲመጣ ይታገሉታል፣ ሲታገሉ ያብጣሉ፣ አገሩም በሙሉ ይግላል። መሐል ላይ የተንጠለጠለው እንጥል የበሩ መዝጊያ ነው፤ ስንውጥ ሽቅብ ይነሳና ውሃው ወደ አፍንጫ እንዳይሄድ ያግዛል። ጠቡ አጠገቡ ስለሆነ እሱም አብሮ ያብጣል። አንድ ቀን ታዲያ ሌባ የገባበት ባለቤት ተናደደና የራሱን መዝጊያ ገንጥሎ ጣለ፤ ሌባው ግን ውስጥ እንዳለ ቀረ። ተረቷ ይኸው ነበር።

አባባ በብረት ከሰሉን ቆሰቆሱት። ቆይተው «እስቲ የሞባይሉን ባትሪ አምጪ» አሉኝ።

«አፍሽን ክፈቺ። አአአ በይ።»

«አአአ!»

«አየ! ዘለለ እኮ!»

ሁላችንንም በተራ በተራ እያስከፈቱ አዩን፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ የታመመው ናኦል እንኳ ፈገግ አለ። በመጨረሻ ባትሪውን ለእኔ ሰጡኝና የራሳቸውን አፍ ከፈቱ። አበራሁ። ከላንቃቸው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ነገር የለም።

«የለም፣ አባባ» አልኳቸው። ውሃ ሲጠጡ አንዳንዴ በአፍንጫቸው እየመጣ ትን ሲላቸው እንስቅባቸው ነበር፤ ያን ጊዜ አፈርኩ።

«እኔና እህቴ ዲንቄ በአንድ ቀን፣ በአንድ ምላጭ ነው የተቆረጥነው» አሉ። «የብርቂቱ እናት ናት የቆረጠችን። እኔ ዳንኩ። የዲንቄ ደም ግን አልቆም አለ። ቡዳ በላት አሉን፤ እኔም ቡዳ ነው ስል ይኸው አረጀሁ።»

አባባ እህት እንደነበራቸው ያን ማታ ገና መስማታችን ነው። ወደ እናቴ ዞሩና «ነገ በጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰጂው» አሏት።

አዴ ብርቂቱ ሲመጡ ናኦልና እናቴ ሄደዋል። ሰውን ጠርቶ ከደጅ መመለስ በእኛ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው፤ አባባ ግን ወንበር ይዘው ወጡና በር ላይ ተቀበሏቸው። «አከም ቡልቴ» ተባብለው ተሳሳሙ። ከዚያ የማታውን ሁሉ ነገሯቸው፤ መዝጊያውንም፣ ዲንቄንም።

«እናትሽ በክፋት አላደረገችውም፣ ብርቂቱ። አላወቀችም። እኛም አላወቅንም» አሉ።

አዴ ብርቂቱ ምላጩን የጠቀለሉበትን ጨርቅ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ቲቸር ማስተዋል ወደ ሥራ ልትወጣ በአጠገባቸው ስታልፍ እጇን ያዙት።

«ኢንታላ ኮ» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እኔ ከቆረጥኳቸው ውስጥ ስንት ዲንቄ አለች?»

ለአባባ ጥያቄ ሁሉ መልስ የማታጣው ቲቸር ማስተዋል ጎንበስ ብላ አብራቸው ቁጭ አለች፤ የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል እንኳ አልተነሳችም።

ናኦል የታዘዘለትን መድኃኒት ጨርሶ ዳነ፤ ዛሬ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። እኔ ያኔ የተማርኩትን የሕዋስ ክፍሎች ስም አብዛኛውን ረስቼዋለሁ፤ ያ ጠዋት ግን ከእነ ብርዱ አለ። በሽታን ማወቅ ትልቅ ነገር መሆኑን ከቲቸር ማስተዋል ተምሬአለሁ። ዘግይቶ ማወቅ እንዴት እንደሚከብድ ያሳዩኝ ግን አዴ ብርቂቱ ናቸው። ከዚያ በኋላ ልጅ አልቆረጡም። ድሮ የቆረጡትን፣ ጎረምሳ ሆኖም ባለትዳር ሆኖም፣ መንገድ ላይ ባገኙ ቁጥር አስቁመው «ደህና ነህ? እውነት ደህና ነህ?» ይሉታል። «ደህና ነኝ» እስኪላቸው ድረስ እጁን አይለቁትም ነበር።