የጋሽ ኃይለየሱስ ዓሦች ያለቁበት መስከረም

ጎረቤቴ ጋሽ ኃይለየሱስ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የአሰላን የውሃ ቆጣሪ ሲያነቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰው ቤት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት «ቧንቧችሁ አይንጠባጠብም?» ይላሉ። አይንጠባጠብም ብትሏቸውም አያምኑም፤ ጆሯቸውን ቧንቧው ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ። ስጋት አብሯቸው የተወለደ ይመስለኛል። ሰማዩ ከጠቆረ በረዶ፣ ከጠራ ውርጭ ይፈራሉ። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የምትለው ተረት ከአፋቸው አትጠፋም። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሳገኛቸው «ጋሼ፣ ዛሬ ምን እንፍራ?» እላቸዋለሁ። ቀልዱን ትተው ጥያቄውን ያስቡበታል።

ይህን የምጽፈው ግን ልስቅባቸው አይደለም። በዚያ መስከረም ከእሳቸው የባሰ የፈራ አንድ ሰው ነበር። እሱም እኔ ነኝ።

ነስረዲን እባላለሁ። ከእናቴ ከሰኪና ጋር የምኖረው ከጋሽ ኃይለየሱስ ግቢ በቆርቆሮ አጥር ብቻ ተለይተን ነው። ኢተያ ላይ የአባቴ መሬት አለ፤ ስንዴ እዘራበታለሁ። ጋሽ ኃይለየሱስ ደግሞ የከተማው ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሚመጣ፣ ከአራት ዓመት በፊት ከአጥራችን አጠገብ ጉድጓድ አስቆፈሩ። ዕድሜ ልኩን ቆጣሪ ያነበበ ሰው ቆጣሪ የሌለው ውሃ አወጣ ብለን ስቀንባቸው ነበር። ቤተሰቡ የሚጠጣው ከዚያ ነው፤ ኩሬዋም የምትሞላው ከዚያው ነው።

ኩሬዋ ከግቢው ዝቅ ያለው ጥግ ላይ ያለች፣ በሲሚንቶ የተለሰነች፣ ከአንድ አልጋ የማትበልጥ ነገር ናት። ውስጧ እንደ ብርቱካን የቀሉ አሥራ ሁለት ዓሦች ነበሩ። ዓሣ ይበላል እንጂ ይታያል እንዴ ብሎ ሰፈሩ ተሳልቋል። እኛ አጥር ለአጥር ያለነው ግን አልሳቅንም። ምክንያቱን እናውቃለን። ከሦስት ዓመት በፊት ብቸኛ ልጃቸው ሐመልማል የሰባት ወር ፅንስ ጠፋባት። ሐኪሞቹ ምክንያቱ ይህ ነው ማለት አልቻሉም። ልጅቷ እናቷ ቤት መጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ከረመች። አባቷ የሚያደርጉት ቢጠፋቸው አዳማ ወርደው ዓሦቹን በላስቲክ ከረጢት ይዘው መጡ። ከዚያ ወዲያ ሐመልማል ኩሬው ዳር እየተቀመጠች ፀሐይ መሞቅ ጀመረች፤ ከወራት በኋላም ወደ ባሏ ተመለሰች።

ዘንድሮ ዳግመኛ አረገዘች። ባሏ በእውቀቱ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ቤቱ ከሚያድርበት መንገድ ላይ የሚያድርበት ይበልጣል። ስለዚህ ልትወልድ እናቷ ቤት መጣች። ሰባት ወሯ ነበር።

የመስከረም የመጀመሪያው እሑድ ጋሽ ኃይለየሱስ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሦስት ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ ገልብጠው ተንሳፍፈው አገኟቸው። ድመት እንዳይሉ ገላቸው ላይ ጭረት የለም። ዳቦው ሻግቶ ይሆናል ብለው መመገብ አቆሙ። ውርጭ ይሆናል ብለው ኩሬዋን በሸራ ሸፈኑ። የእንስሳት ሐኪም ዘንድም ሄዱ። ሐኪሙ የሞተውን ዓሣ በሁለት ጣቱ አንስቶ «አባት፣ በሬ ቢያመጡልኝ ይሻለኛል» ብሎ መለሳቸው። በሁለተኛው እሑድ አራት ሞቱ። ዓሦቹ የኖሩት ደግሞ በዚያው በጉድጓዱ ውሃ ነው። የሰውዬው ዓይን ከኩሬዋ ተነስቶ ወደ ጉድጓዱ፣ ከጉድጓዱ ወደ ልጃቸው ሆድ ሲሄድ አየሁት።

ከሰዓት በኋላ የእኔን በር አንኳኩ።

«ነስሩ፣ የመድኃኒት መርጫ ፓምፕህን የት ነው የምታጥበው?»

«ኢተያ ነዋ ጋሼ፣ እማሳው ላይ።»

«እዚህ አጥበህ አታውቅም?»

«ወላሂ አላጠብኩም!» አልኩ። አላበቃሁም። «ሃያ ዓመት ተጎራብተን ለዓሣ ብለው ነው የሚጠረጥሩኝ?» ጥፋተኛ ሰው ሲቆጣ እንዴት እንደሚያምርበት እኔን ማየት ነበር።

«ለዓሣ አይደለም ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ውሃውን ሐመልማል ትጠጣዋለች።»

ይህን ብለው ሄዱ። እኔ በሩን ይዤ ቀረሁ። የማልኩት በሐሰት ነበርና። ከመጀመሪያው እሑድ በፊት በነበረው ዓርብ ስንዴዬን ዋግ ስለጀመረው መድኃኒት ረጭቼ ነበር። ፓምፑን እዚያው ማጠብ ሲገባኝ ዝናብ አጣደፈኝና እንዳለ ይዤው መጣሁ። አጥሩ ሥር በሁለት ጆግ ውሃ አለቀለቅሁት። ከአጥሩ ወዲያ ጉድጓዱ አለ። ስንት እርምጃ ነው? አምስት? ስድስት? በዚያ ሳምንት ስንት ጊዜ እንደለካሁት አልነግራችሁም።

ጋሽ ኃይለየሱስ ግን በግምት የሚተኙ ሰው አይደሉም። በሦስተኛው ቅዳሜ ቀትር ላይ መፈተኛ አዘጋጁ። ከማጠቢያው ድንጋይ ላይ ሰማያዊውን ሳፋ አንስተው የጉድጓድ ውሃ ሞሉበት። በነጭ ባልዲ ደግሞ ተቀድቶ የተቀመጠ የቧንቧ ውሃ አደረጉ። ከቀሩት አምስት ዓሦች ሁለቱን እዚህ፣ ሁለቱን እዚያ ጨመሩ፤ አንዷን ኩሬዋ ውስጥ ተዉ። በርጩማ ስበው መሃል ተቀመጡ። እኔ ቆርቆሮው ላይ ባለች ቀዳዳ አያለሁ። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የሳፋው ዓሦች አፋቸውን ከውሃው በላይ እያወጡ ይከፍቱ ጀመር፤ ከዚያ በጎናቸው ዞሩ። የባልዲው ዓሦች ምንም አልሆኑም። በማግስቱ የኩሬዋም ሞታ ተገኘች።

እንግዲህ ጉድጓዱ ነው። ጋሽ ኃይለየሱስ የጉድጓዱን ክዳን በሰንሰለት ቆለፉት። ለሐመልማል ከሱቅ የታሸገ ውሃ ተገዛ። ባለቤታቸውን እትዬ ብርቄን ጓዳ ወስደው የተናገሩት ግን እኛ ድረስ ተሰማ፤ የፈራ ሰው ማንሾካሾክ አይችልም።

«ብርቄ፣ የመጀመሪያውንም የጨረስኩት እኔ ነኝ። ጉድጓዱን ያስቆፈርኩት ማነው? በዓመቱ አይደል እንዴ ያ የሆነው?»

እሳቸው ራሳቸውን ሲከሱ እኔ ወዲህ ማዶ እሰማለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመቱን አላውቅም። ያሁኑ ግን የእኔ ነው አልኩ። የአንድ ሕፃን ነፍስ፣ በሁለት ጆግ ውሃ። ኢተያ መሄድ ተውኩ። ማክሰኞ ዕለት አልቻልኩምና ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት።

እናቴን አዮ ነው የምላት። ጮኻ ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ስትምል በማን ስም ማልክ?» አለችኝ።

መልሱን ታውቀዋለች።

«ያ ረቢ! በል ተነሥ፣ ኢልማ ኮ» አለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። «ሰውዬው ራሱን ሲበላ አንተ በቀዳዳ ታያለህ?»

ተያይዘን እነ ጋሽ ኃይለየሱስ ግቢ ገባን። አፌን ከፍቼ ከመናገሬ በፊት አዮ ወደ ኩሬዋ ወርዳ ቁጢጥ አለች። እጇን ከተተችና ከዳሩ አንድ እፍኝ ቀንድ አውጣ አወጣች። ሁሉም የሞቱ ናቸው። አገላብጣ አየቻቸው፤ አሸተተቻቸውም።

«ብርቄ፣ እነዚህ ከመቼ ጀምሮ ነው የሞቱት?»

«ኧረ ሰኪና፣ ዓሣው እያለ ማን ቀንድ አውጣ ይቆጥራል?»

«ልጅ ሆኜ አርቦዬ ወንዝ ወርደን ልብስ ስናጥብ፣ ከማጠቢያችን በታች ያለው ቀንድ አውጣ ልክ እንዲህ ያልቅ ነበር። በሀንዶዴ ያጠብን ቀን። እናንተ እንዶድ የምትሉት። ደግሞ እዚህ ግቢ ማነው በእንዶድ የሚያጥበው?»

እትዬ ብርቄ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«እንዶድ እኮ ሳሙና አይደለም» አሉ። «የእግዜር ፍሬ ነው።»

የዚህን ቤት ሕግ ሳልነግራችሁ አልፌያለሁ። ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ከኩሬዋ ከፍ ያለ ነው። ጋሽ ኃይለየሱስ ዓሦቹን ያመጡ ዕለት «ሳሙና የነካው ውሃ እዚህ ግቢ አይፈስም» ብለው አወጁ። እትዬ ብርቄ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት የኦሞውን ውሃ በባልዲ እየተሸከሙ ደጅ ያለው ቦይ ውስጥ ሲደፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። አንድ ቀን ሕጉን ጥሰው አያውቁም። አሁንም አልጣሱም።

ወደ ቤት ገቡና አንድ ጥቅል ይዘው ወጡ። ከአሮጌ ነጠላ የተቀደዱ፣ ለስላሳ፣ ንጣታቸው ዓይን የሚወጋ የሕፃን መጠቅለያዎች ናቸው።

«ለመጀመሪያው ያዘጋጀኋቸው ነበሩ» አሉ ሐመልማል እንዳትሰማ ድምፃቸውን ቀንሰው። «ሦስት ዓመት ሣጥን ውስጥ ከርመው የናፍታሊኑ ሽታ አልለቅ አለኝ። ለአራስ ገላ ሳሙና አይስማማም ብዬ እንዶድ ከገበያ ገዝቼ፣ ወቅጬ፣ ሦስት ቅዳሜ አጠብኳቸው። ይሸተኛል። እስካሁንም ይሸተኛል።»

«ውሃውንስ?» አሉ ጋሽ ኃይለየሱስ።

«እላይ፣ ማጠቢያው አጠገብ ጌሾው ሥር ነዋ የምደፋው። ሳሙና አይደለ።»

ሁላችንም ከጌሾው እስከ ኩሬዋ ያለውን ቁልቁለት በዓይናችን ወረድነው።

«ሰማያዊው ሳፋስ?»

«እሱማ የእንዶዱ ሳፋ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የዘፈዘፍኩት በእሱ ነው።»

ጋሽ ኃይለየሱስ አላመኑም፤ ማመን ፈሩ ብል ይሻላል። ሳፋውን በፈላ ውሃ አራት ጊዜ ፈተጉት። የጉድጓዱን ሰንሰለት ፈተው ቀዱበት። ከባልዲው የተረፉትን ሁለቱን ዓሦች፣ የመጨረሻዎቹን፣ አዛወሩ። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጡ፤ እኔም አጠገባቸው መሬት ላይ። ሲመሽ ዓሦቹ ይዋኙ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ጎህ ሲቀድ ሄጄ ሳይ ይዋኛሉ። ቀትር ላይም ይዋኛሉ።

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። «ጋሼ፣ በሐሰት ነው የማልኩት። ፓምፑን አጥሩ ሥር አጥቤዋለሁ።»

«አውቃለሁ» አሉ ከዓሦቹ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ። «የመድኃኒቱ ነጭ ነጠብጣብ ቆርቆሮው ላይ አሁንም አለ። የሠላሳ ዓመት ቆጣሪ አንባቢ መሆኔን ረሳህ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እርግጠኛ አልነበርኩም። ጥፋተኛው አንተ ብትሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ እኔ ከምሆን።» ደግሞ ጨመሩ፦ «ሁለተኛ እዚያ ብታጥብ ግን ቀበሌ ነው የምከስህ።»

ሳቅን። በሦስት ሳምንት ውስጥ እዚያ ግቢ ሳቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። እትዬ ብርቄ እልል ሊሉ ጀመሩና፣ ገና ያልተወለደ አለ ብለው መሰለኝ፣ አፋቸውን ያዙ። አዮ «አልሐምዱሊላህ» አለች። ጋሽ ኃይለየሱስ ከጉድጓዱ አንድ ኩባያ ቀድተው ግጥም አድርገው ጠጡ። ሌላ ሞልተው በሩ ላይ ለቆመችው ለሐመልማል አቀበሏት።

«ጠጪ ልጄ። ጉድጓዱ ምንም የለበትም። ንጹሕ ነው!»

ተቀበለች እንጂ አልጠጣችም። ኩባያውን ሆዷ ላይ አስደግፋ ውሃውን ታየዋለች።

«አባዬ፣ ለእማዬ ጓዳ ስትነግራት ሰምቼህ ነበር» አለች።

የጋሽ ኃይለየሱስ ፊት ላይ የነበረው ደስታ እዚያው ቆመ።

«አራት ቀን ትንሽ ቀሎኝ ነበር። እፈራለሁ፣ ግን ቀሎኝ ነበር። ከባድ ነገር አንሥቼ ይሆን፣ በመኪና ከባሌ ጋር ብዙ ተጉዤ ይሆን እያልኩ ሦስት ዓመት ሙሉ ራሴን ስመረምር ኖሬያለሁ። ውሃው ነው ስትል፣ እሰይ፣ እኔ አይደለሁም አልኩ።» ቀና ብላ አባቷን አየች። «አሁንስ? ጉድጓዱ ካልሆነ እኔ ነበርኩ?»

እትዬ ብርቄ ጥቅሉን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። እኔ ስሜ ከክሱ ስለወጣ ደስ ብሎኝ መቆሜ አሳፈረኝ። እዚህ ግቢ ሁላችንም አንድ ጥፋተኛ ስንፈልግ ሰንብተን ነበር፤ ከሁላችን ይልቅ አጥብቃ የፈለገችው እሷ እንደሆነች ማንም አላሰበም።

ጋሽ ኃይለየሱስ ምክንያት ፍለጋ የሚዞሩ መሰለኝ። አላገኙም።

«አላውቅም፣ ልጄ» አሉ። «አንቺ አይደለሽም። ምን እንደነበረ ግን አላውቅም። ማንም አያውቅም።»

ሄደው የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡና በእጃቸው አጠገባቸው ያለውን ቦታ ጠረጉላት። ሐመልማል ሆዷን ይዛ በዝግታ ተቀመጠች። ብዙ አለቀሰች፤ እሳቸውም አልከለከሏትም። ሲበቃት ከኩባያው ግማሹን ጠጣችና የቀረውን ለአባቷ ሰጠቻቸው።