በገደብ የተለቀቀው ቁልፍ ሠሪ

ባሌ ቁልፍ ሠሪ ነው። የተበላሸ በር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ሐኪም ቤት ታሞ ተኝቶ እንኳ የክፍሉን መዝጊያ ሲፈታታ ነርሷ ተቆጥታዋለች።

አንድ ቀን ታላቅ ወንድሙ፣ ጋሼ የምንለው፣ «የሱቄ ቁልፍ ጠፋብኝ፣ ናና ክፈትልኝ» አለው። ከፈተለት። ለካስ ቁልፉ አልጠፋም። የሱቁ ሸሪክ ከጋሼ ጋር ተጣልቶ ቁልፉን አስቀይሮታል። ባሌና ጋሼ ሱቅ ሰብሮ በመግባት ተከሰሱ።

በቀጠሮው ቀን ጠበቃቸው ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ልታስረዳቸው ስትጀምር፣ የመዝገብ ቤቱ በር አልከፈት ብሎ ሠራተኞቹ ይታገሉታል። የኔ ጉድ አላስቻለውም። «ጋሼ፣ አንተ ስማልኝ» ብሎ ሄደ። በሩን ከፍቶ፣ ተመስግኖ ተመለሰ።

ጋሼ አሳጥሮ ነገረው። «በራሴ ነው የከፈትኩት፣ እሱ አላዘዘኝም በል። በገደብ ትለቀቃለህ። ገደቡ ሲያልቅ ከመዝገብ ይፋቃል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ወንድምህ አይደለሁ እንዴ!»

እንደተባለው አደረገ። ጥፋተኛ ተብሎ በገደብ ተለቀቀ። ያው የእሱ ቃል ጋሼን በነፃ አሰናበተው። እኔም ሞኟ ሁለቱም ቤታቸው ገቡ ብዬ ደስ አለኝ።

ገደቡ ካለቀ በኋላ የሥራ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሄደ። ለቁልፍ ሠሪ ከወንጀል ነፃ የሚል ወረቀት ግዴታ ነው። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ ስክሪኑን አይታ ራሷን ነቀነቀች።

«በነፃ ቢሰናበቱ ወይም ክሱ ቢቋረጥ ወረቀቱን እሰጥዎት ነበር። በገደብ ማለት ግን እስር ቤት አይገቡም ማለት ነው እንጂ ጥፋተኛ አይደሉም ማለት አይደለም። በራሱ አይፋቅም። ጊዜው ሲደርስ አመልክተው ነው የሚነሣው፤ የእርስዎ ገና ዓመታት ይቀሩታል።»

የባሌ ሱቅ ታሸገ። ተያይዘን ጠበቃዋ ዘንድ ሄድን። «እኔ እኮ ይህን ሁሉ ለወንድምዎ አስረድቻለሁ» አለች ግራ ገብቷት። «እንዲያውም የትኛው ውሳኔ መዝገብ ላይ እንደሚቀር ደጋግመው ጠይቀውኛል።»

ባሌ እዚያው ደጃፏ ላይ ለጋሼ ደወለለት። የስልኩ ድምፅ ወደ ውጭ ይሰማልና እኔም እሰማለሁ።

«ጥፋቱ ከሁለታችን በአንዳችን ላይ መቅረቱ ካልቀረ ብዬ ነው» አለ ጋሼ፣ ድምፁ ምንም ሳይለወጥ። «አንተ የእጅ ሙያ አለህ፤ የትም አትወድቅም።»

ይሰድበዋል ብዬ ጠበቅሁ። ባሌ ግን «እሺ ጋሼ» ብሎ ዘጋው። ከክህደቱ ይልቅ አንጀቴን የቆረጠው ይኼ እሺታው ነው።